ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ፦ የታመመን መጠየቅና ማስታመም

ስትሮክ የጣለው ሰው ቤት በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ አይገኝም። ጎረቤቱ፣ የማኅበሩ አባል፣ የሥራ ባልደረባው፣ አብሮት ያደገው ሁሉ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ሙዝ፣ ብርቱካንና የማንጎ ጁስ ይደረደራል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይባላል፤ ተሳልመው ይወጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይቀራል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቤቱ ውስጥ ያሉት በሽተኛውና አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ሚስቱ፣ ልጁ ወይም እኅቱ። ሌሊት እየተነሳች ታገላብጠዋለች፣ ቀን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ፍለጋ ትወጣለች። ከሥራዋ ቀርታለች። ቤተ ክርስቲያን ከሄደችም ሰንብታለች።

ሰው የራቀው ጠልቶ አይደለም። አብዛኛው የራቀው ሲመጣ ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው። ቁጭ ብሎ መተያየት ደግሞ ለሁለት ሳምንት ይሆናል እንጂ ለስድስት ወር አይሆንም።

የእግዚአብሔርን ፍቅር በኑሮ ስለመግለጥ ብዙ ይሰበካል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ያለውንም ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በእኔ እምነት ይህ ቃል በአገራችን ቤቶች የሚፈተነው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስም ፍቅር ሙያና ተራ ያስፈልገዋል። ሙያ የሌለው ደግነት በሽተኛውን ይጎዳዋል፤ ተራ የሌለው ደግነት ደግሞ በአንድ ወር ያልቃል።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በሉቃስ 10 ላይ ቀስ ብሎ ላነበበው ሁሉም ነገር በሥራ የተዘረዘረ ነው። ቀረበ፣ ዘይትና ወይን ጠጅ አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ ከብት ላይ ጫነው፣ ማደሪያ ወስዶ ጠበቀው። በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ከዚያም የሚተርፈውን ወጪ ሲመለስ እንደሚከፍል ተናግሮ ሄደ። ያሰረው ቁስል አለ፣ የከፈለው ልክ አለ፣ እንደሚመለስም ቃል ሰጥቷል። ብዙዎቻችን የሚጎድለን ይህ የመጨረሻው ነው።

ስትሄዱ

ሳትደውሉ አትሂዱ። ስልኩን የምታናግሩት በሽተኛውን ሳይሆን አስታማሚውን ነው፤ መቼ እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚታጠብ የምታውቀው እሷ ናት። ከሁለትና ከሦስት ሰው በላይ ሆናችሁ አትግቡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ደግሞ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው በዚያ ቀን ቢቀር ከመሄዱ የበለጠ ፍቅር አሳይቷል። ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጠንካራ ሽቶ የሚያቅለሸልሸው በሽተኛ ብዙ ነው።

ቁጭ በሉ። ቆሞ የሚያናግር ጠያቂ ሊሄድ የተዘጋጀ ይመስላል፤ የተኛው ሰው ደግሞ ወደ ላይ እያየ ለመናገር ይደክማል። አልጋው ጫፍ ላይ ግን አትቀመጡ፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ወይም የሽንት ቱቦ የገባለትን ሰው ፍራሹ ሲነቃነቅ ያመዋል።

የሚጎዱ ንግግሮች የታወቁ ናቸው። «እከሌም በዚሁ በሽታ ነበር የሞተው» ማለት አንዱ ነው። ሰው በተሰበሰበበት «ሐኪሙ ምን አለ? ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መመርመር ሌላው ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕመሙን ከኃጢአት ወይም ከእምነት ማነስ ጋር ማያያዝ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም ሠርተው ነበር፤ ያጠፉት አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን መተንተን ሲጀምሩ ነው። በሽተኛው መናገር ከፈለገ አድምጡ፤ ዝም ካለም ዝም በሉ። ስለ ሰፈር፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ ብታወሩት ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ስለ በሽታው ሲጠየቅ ውሏልና።

ጸሎት ከማድረጋችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ። አጭር ይሁን፣ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል፣ በሽተኛው የሚሰማው ቃል ይሁን። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሌሎች ሰባትና ስምንት ሕሙማን ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከእነሱ መካከል ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ የተኛ ይኖራል፣ የሌላ እምነት ተከታይ ይኖራል። ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ከሆነ ንስሐ አባቱ ማወቃቸውን ጠይቁ፤ ካላወቁ የመጥራቱን ሥራ እናንተ ውሰዱት። ቅዱስ ቁርባንና ምሥጢረ ቀንዲል (ለሕሙማን ተጸልዮ የሚቀባው ዘይት) ለታመመ ሰው የተሰጡ ናቸው፤ ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚታሰቡ አይደሉም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በያዕቆብ 5 ላይ እንደተጻፈው ሽማግሌዎችን ጠርቶ በዘይት ቀብቶ መጸለይ አለ። በየትኛውም ቤት የሚጸልየው ሰው ቀጠሮ ይያዝለት፤ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ ቢመጣ ቤቱ ይጨነቃል።

ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። የታሸገ ጁስ ለስኳር ሕመምተኛ አይሆንም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው ሐኪም ሊከለክላቸው ይችላል። እነዚህን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ መደርደር በሽተኛውን የማይበላውን እያየ እንዲውል ማድረግ ነው። ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚያልቁት ነገሮች ሌሎች ናቸው፦ የአዋቂ ዳይፐር፣ የልብስና የገላ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የእጅ ጓንት፣ በረኪና፣ ከሰል፣ የሞባይል ካርድ። ሆስፒታል ከሆነ የመጠጥ ውኃ፣ ለአስታማሚዋ የሚሆን ምሳ፣ መሬት ላይ የምታነጥፈው ፍራሽና ብርድ ልብስ። «ምን ልያዝ?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ምንም አያስፈልግም፣ ባዶ እጃችሁን ኑ» ነው መልሱ። ስለዚህ «ዳይፐሩ የስንት ቁጥር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሆስፒታል ነገር

በመንግሥት ሆስፒታል አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ይጎሳቆላል። የሐኪም ማዘዣ ይዞ ከግቢ ውጪ ባሉ ፋርማሲዎች መድኃኒት የሚያፈላልግ፣ ናሙና ላቦራቶሪ አድርሶ ውጤት የሚያመጣ፣ ካርድ ክፍል የሚሰለፍ ሰው ያስፈልጋል። አስታማሚዋ ስትወጣ በሽተኛው ብቻውን ይሆናል። ስለዚህ ከጠያቂዎች አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጥቶ እስከ 6 ሰዓት «የውጪውን ሩጫ እኔ እይዛለሁ» ቢል ከአሥር ጥየቃ ይበልጣል። ማዘዣውን ፎቶ አንሱት፤ በየፋርማሲው ሲዞር ወረቀቱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ካልተገኘ በራሳችሁ ምትክ አትግዙ፤ ያዘዘው ሐኪም ዘንድ ተመለሱ።

ደም ካስፈለገ መስጠት ለሚችል ሰው ይህ ከሁሉ የሚታይ ስጦታ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የሚሻለው ደግሞ ሰው ሳይታመም፣ ማኅበሩ ወይም የጸሎት ቡድኑ ቀን ቆርጦ በቡድን ሄዶ መስጠት ነው። ደም የሚያስፈልገው ሰው ያን ጊዜ ዘመድ ፍለጋ አይደውልም።

አልጋ ላይ የቀረ ሰው

ሙያው በብዛት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከቂሳርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለሕሙማንና ለድኾች ማረፊያ ሲሠራ ሐኪምና አስታማሚ መድቦበት ነበር። በአዲስ አበባም የእማሆይ ተሬሳ እኅቶች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ጸሎታቸው እንዳለ ሆኖ ቀናቸው የሚያልፈው በማጠብ፣ በማገላበጥና በማብላት ነው። ይህ ሥራ ይለመዳል። ነርስ አጠገብ ሆኖ ያየ ሰው ዋና ዋናውን በሁለት ቀን ይማረዋል።

በመጀመሪያ መገላበጥ። በራሱ መዞር የማይችል ሰው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር አለበት። አጥንት ቆዳን ፍራሹ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ደም ወደ ሥጋው መድረሱ ይቆማል፤ በዚያ ምክንያት የሚመጣው የአልጋ ቁስል በሰዓታት ይጀምርና ለመዳን ወራት ይፈጃል። ቅደም ተከተሉ ግራ ጎን፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጎን ነው። በጎኑ ስታስተኙት ሙሉ በሙሉ ዳሌው ላይ እንዳይተኛ ከጀርባው ትራስ አስደግፋችሁ ትንሽ ጋደል አድርጉት። በጉልበቶቹ መካከል የታጠፈ ጋቢ ይግባ። በጀርባው ሲተኛ ከባቱ ሥር ትራስ አስገቡና ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንሳፈፍ።

ስታንቀሳቅሱት አትጎትቱት። አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከትከሻው እስከ ዳሌው ድረስ ከሥሩ አንጥፉ፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ከፍ አድርጎ ያዛውረው። በስትሮክ የደከመውን ክንድ ይዞ መሳብ ወይም ብብት ሥር ገብቶ ማንሳት ትከሻውን ከመጋጠሚያው ያወልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ከስትሮኩ በላይ ያስለቅሳል። ይህን ስህተት የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ጉልበታም ወንዶች ናቸው፤ ለመርዳት ቸኩለው።

በየቀኑ ስታጥቡት ከወገብ በታች መቀመጫው መሐል ያለውን አጥንት፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ክርኑን፣ የጆሮውን ጀርባ በብርሃን እዩ። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት የማይለወጥ መቅላት የቁስል መጀመሪያ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከዙሪያው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ቦታ ፈልጉ። አትሹት፤ ማሸት ሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ይጨርሰዋል። አልኮል፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። በዚያ ጎን አታስተኙት፣ ደረቅ ይሁን፣ ቆዳው ከተላጠ ደግሞ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያ አሳዩ። እርጥብ ዳይፐርና የተጨማደደ አንሶላ ቁስሉን ያፋጥናሉ።

ሁለተኛው ማብላት ነው። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጠው በጉርሻ ነው። ስትሮክ ለመታው ሰው ግን ትልቅ ጉርሻ አደገኛ ነው። የመዋጫ ጡንቻው ስለደከመ ምግቡ ወደ ሳንባው ይወርዳል፤ ትን ይለዋል፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላም የሳንባ ምች ይይዘዋል። ብዙ በሽተኛ የሚሞተው በስትሮኩ ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ ከማብላታችሁ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። በሻይ ማንኪያ፣ ማንኪያው ሳይሞላ፣ ባልደከመው የአፉ ጎን በኩል ስጡት። መዋጡን ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ አይታችሁ ነው ሁለተኛውን የምታቀርቡት። ቀጭን ውኃ ከወፈር ካለ አጥሚት በቀላሉ ትን ያሰኛል፤ ስለዚህ ምን ያህል ማወፈር እንደሚገባ ሐኪሙን ጠይቁ። እየበላ ካሳለ ወይም ድምፁ ውኃ የያዘ ያህል ከተለወጠ አቁሙ። ሲጨርስ የደከመው ጉንጩ ውስጥ የቀረ እንጀራ ካለ በጣት ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ አውጡት፣ አፉን አጽዱለት፣ ለ30 ደቂቃም ቀና እንዳለ ይቆይ። ተኝቶ የሚበላ ሰው አይኑር።

ገላ ማጠብ ላይ ክብር ይቀድማል። ሁለት ሳፋ ለብ ያለ ውኃ፣ አንዱ የሳሙና አንዱ የማለቅለቂያ። ከፊት ጀምራችሁ ወደ እግር ውረዱ፤ የምታጥቡት አካል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው በፎጣ ይሸፈን። በሩን ዝጉ። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ቢያጥብ ይመረጣል፤ አባቱን ለማጠብ የምታፍር ልጅ ካለች ከማኅበሩ አንድ ወንድ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ከሁለቱም ላይ ትልቅ ሸክም ያነሳል። ከማጠባችሁ በፊት ምን ልታደርጉ እንደሆነ ንገሩት። መናገር ባይችልም ይሰማል።

ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት) አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ይደፋ። ከረጢቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ለጥ ብሎ የተሞላ። ጨው ማብዛት ይጎዳል፤ በግምት አታድርጉት።

ጾም፣ ጠበልና መድኃኒት

ብዙ ደግ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቲቢ ሕክምና በተለመደው መልኩ ስድስት ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት። በሽተኛው ሳሉ ሲቆምለትና ሲወፍር ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ሊያቋርጥ ይቃጣዋል። የተቋረጠ ቲቢ መድኃኒት የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳው ወንድም በየጠዋቱ ደውሎ «ዋጥክ?» የሚለው ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ሕይወት የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

ጠበል ቦታ መድኃኒት አቁም የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ዝም አትበሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ እንደማይጋጩም በይፋ ተናግረዋል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይዞ ጠበል ይጠመቃል። የጸሎት ቡድን ውስጥም «ተፈውሰሃል፣ ኪኒኑን ጣለው» ማለት አይገባም፤ ፈውሱ እውነት ከሆነ ምርመራው ይመሰክራል፣ እስከዚያ መድኃኒቱ አይቁም።

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ይወርዳል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዛባል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ራሱን ካልሳተ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት፣ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ተቋም አፋጥኑ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በግድ ጹም አትልም። ንስሐ አባቱን ጠይቆ መፍትሔ እንዲቀበል አግዙት፤ ከዚያ በኋላ ሲበላ የሚያይ ሰው እንዳያሳቅቀው ጠብቁት።

አስታማሚዋ

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚለው ቃል ከልብ የሚወጣ ነው፤ ፍሬ ግን የለውም። ይሉኝታ ባለበት አገር ማንም ደውሎ «መጥተህ ዳይፐር ቀይርልኝ» አይልም። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጣችሁ አቅርቡ፦ «ማክሰኞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እኔ እዚህ ነኝ። አንቺ ክፍልሽ ገብተሽ ተኚ፣ ወይም ውጪ።» መጀመሪያ እምቢ ትላለች። ሁለተኛ ጊዜ በሉ። በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ተቀመጡ፣ እንዴት እንደምታገላብጠው እዩ፤ በሁለተኛው ሳምንት እናንተን አምና ትተኛለች።

እንጀራ ጋግሮ መላክ ትልቅ ነገር ነው፤ መጋገር የግማሽ ቀን ሥራ ነውና። ነገር ግን ሦስት ቤት በአንድ ቀን ቢልክ ይሻግታል። ተነጋገሩ፤ አንዱ ሰኞ አንዱ ሐሙስ። ወጡ በጾም ቀን የጾም መሆኑን አትርሱ። ልጆች ካሉ ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸውና የቤት ሥራ የሚያሠራቸው ሰው መድቡ፤ በሕመም ቤት ውስጥ የሚረሱት ልጆች ናቸው።

ገንዘብ ስትሰጡ በሰው ፊት አትስጡ፤ በሽተኛው እጅ ላይ አስቀምጦ ፎቶ መነሳት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ለቤቱ ወጪ ኃላፊ ለሆነው ሰው ለብቻው ስጡ፣ ወይም የፋርማሲውን ሂሳብ በቀጥታ ክፈሉ። አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየወሩ የታወቀ ጥቂት ይሻላል፤ ቤተሰቡ ሊያቅድበት ይችላልና። እስከ መቼ እንደምትሰጡም ከጅምሩ ንገሩ፦ «እስከ ፋሲካ በየወሩ የመድኃኒቱን አንድ ሺህ ብር እኔ እችላለሁ።» ሳይነገር የሚቋረጥ እርዳታ ሁለቱን ወገን ያሸማቅቃል፤ ሰጪው ከዚያ በኋላ ቤቱን መሸሽ ይጀምራል።

ተራ ማውጣት

የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የቤት ለቤት ጸሎት ቡድን፣ እድር፤ ሰው የተሰበሰበበት ነገር አለን። ስድስት ሰው በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት ቢይዝ 18 ሰዓት ነው፤ ለአንዲት አስታማሚ ይህ እንቅልፍም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ የራሷ ሕክምናም ነው። አንድ አስተባባሪ ይኑር፣ በየሁለት ወሩም ይቀየር፤ ካልተቀየረ እሱ ሲደክም ሥራው ሁሉ ይፈርሳል። ከአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር ይቀመጥ፦ ስንት ሰዓት ተገላበጠ፣ ምን በላ፣ ሸና ወይ፣ የትኛውን መድኃኒት ዋጠ። ደብተር ከሌለ መድኃኒት ሁለቴ ይሰጣል ወይም ይዘለላል።

የሚፈርስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በስሜት የተገባ ትልቅ ቃል። «በየቀኑ እመጣለሁ» ያለ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋል፣ አፍሮም አይመለስም። ሳምንታዊ ሦስት ሰዓት ያለ ሰው ዓመት ይቆያል።

እድርን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ገንዘብ ይሰጣል። በሕይወት እያለ ለመድኃኒት አጥቶ ለተኛው አባል ግን ብዙው እድር በደንቡ ምንም የለውም። ደንብ የሰው ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን የቤት ለቤት እንክብካቤ የጀመሩ እድሮች ነበሩ። ለታመመ አባል የተወሰነ ክፍያ፣ ወይም አቅም ላጣ አባል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል ብሎ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። የመድን እድሳቱ ጊዜ ሳያልፍ ማስታወስም ራሱ ሥራ ነው፤ ያላደሰ ሰው የሚያውቀው ሆስፒታል በር ላይ ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩ፦ አሜሪካ ውስጥ ቋንቋ የማይችሉ እናት ወይም አባት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጎረምሳ እንዲያስተረጉም አይደረግ። ከባድ ዜና በልጅ አፍ ይለሰልሳል ወይም ይቀራል። ሆስፒታሎች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ቀጠሮው ሲያዝ ጠይቁ፤ እናንተ ደግሞ መንዳቱንና አብሮ መቀመጡን ያዙ።

ምሥጢር

የጸሎት ርዕስ ብሎ የሰውን ሕመም በቴሌግራም ቡድን መበተን አለ። የካንሰር፣ የኤች አይ ቪ፣ የአእምሮ ሕመም ስም ሳይፈቀድ ከአፋችሁ አይውጣ። «ለእከሌ ጸልዩ፣ ታሟል» ይበቃል፤ እግዚአብሔር ዝርዝሩን ያውቃል። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ፎቶ ካስፈለገ በሽተኛውን በጤናው ሳለ የተነሳውን ፎቶ ጠይቁት፣ ጽሑፉንም አንብቡለት፤ ካልፈቀደ ይቅር።

መዳን ሲቀር

ሐኪም ከዚህ በኋላ የሚደረግ የለም ያለበት ቀን ጠያቂ እንደገና ይበዛል፣ ምክርም ይበዛል። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው ጥቂት ሰውና ጸጥታ ነው። ሰውነት ሲያበቃ ምግብ አይፈልግም፤ በግድ ማጉረስ ትን ያሰኛል። ከንፈሩን በራሰ ንጹሕ ጨርቅ አርጥቡለት፣ አፉን አጽዱለት፣ እጁን ያዙ፣ የሚወደውን መዝሙር ወይም ዳዊት በዝግታ አንብቡለት። ሊታረቀው የሚፈልገው ሰው ካለ ፈልጋችሁ አምጡ፤ ይህን መልእክት ለማድረስ ከጎረቤት የተሻለ የለም። በጆሮው አጠገብ ስለ ቀብር አትነጋገሩ።

ካረፈ በኋላ ለቅሶው ላይ ሰው አይጠፋም። ከአርባው በኋላ ግን ሚስቱ ብቻዋን ቢሮ ለቢሮ መዞር ይጠብቃታል። ሞት በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ይህን አርባውን ሳትጠብቁ አስጨርሱ፤ ሆስፒታል ከሞተ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የሟቹንና የአስመዝጋቢውን መታወቂያ ይዛችሁ ከእሷ ጋር ወረዳ ሂዱ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ በርካታ ኮፒ አንሱ፤ ጡረታ፣ ባንክ፣ የቤት ካርታ ሁሉም ይጠይቃታል። ጡረታ ቢሮ ከመሄዳችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት የጋብቻና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ወረፋ ነው። ወረፋው ላይ እሷ ትቀመጥ፣ እናንተ ቁሙ።